ለዴሊማ መቃብር የሚሆን ስም

ዉንሶኬት፣ ሮድ አይላንድ
እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1924

ለተከበሩ ወይዘሪት ኡላሊ ኦቡ
ሳንት-ኦዲል፣ ኬቤክ

የማያውቁት ሰው በማያውቁት የእጅ ጽሕፈት ሲጽፍልዎ መገረምዎ አይቀርምና፣ አስቀድሜ ሰላም በደጅዎ፣ ጤናም በጉልበትዎ ይሁን ብዬ ማንነቴን ልናገር። ዜፊራን ፕሉርድ እባላለሁ። አርባ ስድስት ዓመት በሽመና ፋብሪካ ያገለገልኩ፣ ጆሮዬም ከመኪናው ጩኸት የተነሣ የሰውን ንግግር እኩሌታውን ብቻ የሚይዝልኝ የስድሳ ሰባት ዓመት ሽማግሌ ነኝ። አድራሻዎን የሰጡኝ የደብራችሁ ቄስ አባ ሚሾ ናቸው፤ ለእርሳቸው ብጽፍ፣ «እኔ እዚህ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የዘር ቆጠራ ጥያቄ ከሆነ ከመዝገቡ ይልቅ የሚያውቁት የቀድሞዋ አስተማሪ ወይዘሪት ኡላሊ ናቸው» ብለው ወደ እርስዎ መሩኝ።

ባለቤቴ ዴሊማ በጃኑዋሪ አሥራ ዘጠኝ ቀን ዐረፈች። ምድሩ እንደ ብረት ስለ ጠነከረ ገና አልተቀበረችም፤ እንደ እናንተው አገር ሁሉ እዚህም በበረዶ ወራት የሞቱ ሰዎች በመቃብሩ አጥር ውስጥ ባለው የድንጋይ ቤት ሆነው ፀደይን ይጠብቃሉ። በዚህ መካከል ሐውልቷን ላሠራ ዶላን ከሚባል አይሪሽ ድንጋይ ጠራቢ ዘንድ ሄድኩ።

«‹ዴሊማ፣ የፕሉርድ ሚስት› ብዬ ልጻፍና እንገላገል፤ ፊደሉም ያንሳል» አለኝ።

«በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ በአባቷ ስም ትወለዳለች፣ በአባቷ ስም ታገባለች፣ በአባቷ ስም ትቀበራለች» ብዬ መለስኩለት።

«እሺ፣ የአባቷ ስም ማነው ታዲያ?» ብሎ እርሳሱን ቢያዘጋጅ፣ «ቆይ፣ እነግርሃለሁ» ብዬ ወጣሁ።

የጋብቻችን ወረቀት «ዴሊማ ሳንሻግረን» ይላል። ከሞተች በኋላ ግን ሣጥኗን ስከፍት የመጀመሪያ ቁርባኗን የተቀበለች ዕለት የሰጧትን የማርያም ሥዕል አገኘሁ፤ ከጀርባው «ዴሊማ ኦቡ፣ ሳንት-ኦዲል፣ 1871» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱ ወንድሞቿ ሞተዋል፤ የምጠይቀው የለም። የበኩር ልጄ ይስቅብኛል፦ «አባዬ፣ አርባ ምናምን ዓመት አብረሃት ኖረህ የሚስትህን ስም ከካናዳ ታስመጣለህ?» ይለኛል። ይሳቅ። በስሟ የማትጠራ ሴት በትንሣኤ ቀን ማን ብለው ይቀሰቅሷታል? መዝገቡን ተመልክተው የትኛው ስም የእርሷ እንደ ሆነ ቢነግሩኝ፣ ውለታዎ ከዕድሜዬ ይረዝማል።

በጋብቻ ዘመድዎ ብባል ድፍረት እንዳይሆንብኝ እየሰጋሁ፣
ዜፊራን ፕሉርድ

ሳንት-ኦዲል፣ ማርች 21 ቀን 1924

ለተከበሩ አቶ ዜፊራን ፕሉርድ

ሙታንን በእቅፉ የሚቀበል፣ የቀሩትንም በትዕግሥት የሚያኖር አምላክ ከእርስዎና ከልጆችዎ ጋር ይሁን። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ጊዜ ወንዙ ገና በበረዶ ተሸፍኖ፣ ከወዲያኛው ዳር የሚመጡ ሰዎች በፈረስ በላዩ ይሻገሩ ነበር፤ እኔም በመስኮት በኩል እነርሱን እያየሁ ቃልዎን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩ።

ከሁለቱ ስሞች አንዱ እውነት፣ ሌላው ሐሰት ነው ብለው እንዳይጨነቁ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። የዘራችን አባት ማቱረን ኦቡ በፈረንሳይ ንጉሥ ጭፍራ ውስጥ ወታደር ሆኖ ባሕሩን በተሻገረ ጊዜ፣ አለቃው እንደ ጭፍሮች ሁሉ ልማድ የጦር ስም አወጣለት፤ «ሳንሻግረን» አለው፣ ሐዘን የማያውቀው ማለት ነው። ጦርነቱ አልቆ መሬት ተሰጥቶት፣ ሚስት አግብቶ፣ ዐሥራ አንድ ልጅ ከወለደ በኋላ ሐዘንን ማወቁ ባይቀርም፣ ስሙ ግን ላዩ ላይ ቀረ። ልጆቹ ሁለቱን ስሞች እንደ ሸሚዝና እንደ ካፖርት ደርበው ለበሱ፤ ቄሱም በመዝገቡ ላይ «ኦቡ፣ ሳንሻግረን የሚባለው» እያለ ጻፋቸው። በአራተኛው ትውልድ ግን የአንዱ ዮሴፍ ደብዳቤ ለሌላው ዮሴፍ፣ የአንዱም ግብር በሌላው ስም መሆኑ ቢያስቸግር፣ በሁለተኛው የእርሻ ረድፍ መሬታቸውን ከሚከፍለው ከአጥሩ ወዲህ ያሉት ኦቡ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ሳንሻግረን ይባሉ ተብሎ ተለየ። ልማዱ ይህ ነው እንጂ ሕግ አልነበረም፤ ከሁለቱ ቤት የተወለደ ሁሉ ያሻውን ስም ይዞ ቢሄድ ማንም አይከለክለውም ነበር። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ካሉት ነኝ።

እንግዲህ የሚቀረን ባለቤትዎ የተወለዱት ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። መዝገቡን የሚያወጣልኝ ቴሌስፎር የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ ነው፤ ቁልፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ የሚዞር፣ ምላሱም ከደወሉ የሚረዝም ሰው ነው። ዛሬ ሄጄ ብጠይቀው፣ «እትዬ ኡላሊ፣ እነዚህን ሙታን መቼ ነው የሚያሳርፏቸው?» አለኝ። «አንተ ደወሉን በሰዓቱ የደወልህ ዕለት» አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ምድጃውን ካነደደልኝ በኋላ እጀምራለሁ።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ የባለቤትዎ ፎቶግራፍ ካለ፣ የሸመገሉበትም ቢሆን፣ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ኡላሊ ኦቡ

ሳንት-ኦዲል፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1924

ለተከበሩ አቶ ዜፊራን

የትንሣኤው ተስፋ ቤትዎን ያብራልዎ። ካለፈው ሳምንት ማክሰኞ እስከ ዛሬ ረቡዕ ድረስ፣ ከጸሎት በኋላ ባለው ጊዜ ሁሉ፣ በመዝገብ ቤት ተቀምጬ ከረምኩ። እንደሚያውቁት በአገራችን ወንድ ሁሉ ዮሴፍ፣ ሴት ሁሉ ማሪ ተብሎ ክርስትና ስለሚነሣ፣ ከማሪ ሁሉ አንዷን ማሪ መፈለግ ከአሸዋ ላይ አሸዋ እንደ መልቀም ነው። ቢሆንም አገኘኋት። ያገኘኋት ግን በቀብር መዝገብ ላይ ነው።

እንዲህ ይላል፦ «በኦገስት ዐሥራ አራት ቀን 1858፣ የሲፕሪየን ኦቡና የፊሎመን ዱቤ ልጅ ማሪ-ዴሊማ፣ በዐሥራ ሦስት ወሯ ተቀበረች።» ቴሌስፎር በትከሻዬ በኩል አንብቦ፣ «ወይ ጉድ! ሰውየው ይህን ሁሉ ዘመን ከማን ጋር ነው የኖረው?» አለ። አትሳቅ ብዬ ብገሥጸውም፣ ለአንድ ሰዓት ያህል እኔም ይኸው ጥያቄ ያዘኝ፤ ወላጆቹ ያለ ጥርጥር እነርሱ ናቸው፣ ልጅቱም ያለ ጥርጥር ሞታለች። ብዕር አንሥቼ፣ «ባለቤትዎ የእኛ ሰው አይደሉም» ብዬ ልጽፍልዎ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ይህን ያህል ዘመን የሌላውን ሁሉ ዘር ስቆጥር የኖርኩት እኔ፣ በገዛ ቤታችን ሲደረግ ያየሁትን ልማድ መርሳቴ ያሳፍረኛል። እኛ ሕፃን ሲሞት ስሙን አብረነው አንቀብርም፤ ቀጥሎ ለሚወለደው እናወርሰዋለን። የእኔም ታላቅ ኡላሊ በሳሉ በሽታ ሞታ ነው እኔ ኡላሊ የተባልኩት። ቅጠሉን ወደ ፊት ባገላብጥ፣ በፌብሩዋሪ ስድስት ቀን 1860 ሌላዋ ማሪ-ዴሊማ፣ ከዚያው አባትና ከዚያችው እናት፣ በዚያው ውኃ ክርስትና ተነሥታ ቁጭ ብላለች። ባለቤትዎ እርሷ ናቸው።

ቄሱ የጻፈው ኦቡ ብሎ ነው። አባትየው ኦቡ፣ አያትየውም ኦቡ፤ ከአጥሩ ወዲህ ካሉት ናቸው፤ የእርሳቸውና የእኔ አባት የአጎት ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ሳያመነቱ «ዴሊማ ኦቡ» ብለው ያስቀርጹ። የጋብቻውን ወረቀት የጻፈው ቄስ እንግዳ ሰው ቢሆን፣ ወይም ሁለተኛውን ስም ሰምቶ ያንኑ ቢይዝ አይደንቅም። ድንጋይ ጠራቢው የሚጠብቅ ከሆነ በቶሎ ቢያዙት መልካም ነው።

ዘመድዎ፣
ኡላሊ ኦቡ

ዉንሶኬት፣ ሜይ 4 ቀን 1924

ለተከበሩ ወይዘሪት ኡላሊ

ለእኔ የደከሙት ዐይኖችዎ ብርሃን አይጡ። ያቺን የመጀመሪያዋን ዴሊማ ለልጆቼ ነግሬያቸው፣ ታናሿ ልጄ ሮዛና ስለማታውቃት ሕፃን አክስቷ ሻማ አበራች። ባለቤቴን ሐሙስ ዕለት ቀበርናት። ለጊዜው የእንጨት መስቀል አቁሜላታለሁ፤ «ዴሊማ» ብቻ ተጽፎበታል።

ዶላን ዘንድ ሄጄ «ኦቡ» ብዬ ላዝ ተነሥቼ ነበር። በመንገዴ ግን ወደ ተጋባንበት ቤተ ክርስቲያን ጎራ አልኩ፤ ወረቀቱ ሳይሆን መዝገቡ ራሱ ምን እንደሚል በዐይኔ ላይ ብዬ ነው። ከፍተው ቢያሳዩኝ፣ ከስሟ ላይ ስርዝ አለ። አስቀድሞ «ኦቡ» ተብሎ ተጽፏል፣ በአንድ መሥመር ተሰርዟል፣ ከላዩ «ሳንሻግረን» ተብሏል፤ የአባቷም ስም እንዲሁ።

ያ ስርዝ ለአርባ ሦስት ዓመት የተኛ ነገር ቀሰቀሰብኝ። ወይዘሪት፣ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፤ የሠርግ ጫማዬ እግሬን እየቆረጠኝ፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብቻ እየተመኘሁ። ቄሱ የማርያሟን ሥዕል ጀርባ አይቶ ስሟን ጻፈ። ዴሊማ አጎንብሳ አየችና፦

«አባ፣ ይሰርዙት። ኦቡ አይደለሁም፤ ሳንሻግረን ነኝ» አለች።

«አባትሽስ?»

«እሱንም ሳንሻግረን ብለው ይጻፉት። ሞቷል፤ አይከፋውም።»

ሁላችንም ሳቅን። እርሷ ግን እንዳልሳቀች አሁን ነው የማስታውሰው። ቄሱ እንግዳ ስለ ሆነ አልተሳሳተም፤ እርሷ ናት ያስለወጠችው። እንግዲህ መዝገቡ ኦቡ ካላት፣ ልጅቷ ስለ ምን ስሟን ጣለች? ይህን ሳላውቅ ድንጋይ ማስነካት ከበደኝ።

ስለዚህ ሌላ ልለምንዎ። አባትና እናቷ በአንድ ሳምንት እንደ ሞቱ፣ እርሷም በዐሥራ አንድ ዓመቷ ወደ ፋብሪካ ከሚሄድ ጎረቤት ጋር ተጭና እዚህ እንደ መጣች አውቃለሁ፤ የሞላውን የፈትል ማጠንጠኛ እያወጣች ባዶውን ስትተካ ነው ያየኋት። ወላጅ ለሞተባቸው ልጆች ሰባት ዘመድና ወዳጅ ከውል አዋዋይ ፊት ተቀምጦ ሞግዚት መምረጡ የአገራችን ሕግ አይደለም? የዚያ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ጽሑፍ በውል አዋዋዩ ሣጥን ይኖራል። አባ ሚሾ ስለ ዕድሜዎ እንደ ጻፉልኝ ከሆነ እርስዎም በዚያ ጊዜ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ ነበሩ፤ ደብሩ ትንሽ ነው፣ ዝምድናውም ቅርብ ነው። ዴሊማን ያስታውሷት ይሆን?

ፎቶግራፉ እነሆ። በአምሳ ዓመቷ የተነሣችው ነው።

ዜፊራን ፕሉርድ

ዉንሶኬት፣ ጁላይ 6 ቀን 1924

ለተከበሩ ወይዘሪት ኡላሊ

ሰላምዎ ይብዛ። ሁለት ወር ዝም ማለትዎ ከሕመም የተነሣ ከሆነ እግዚአብሔር ይማርዎ፤ ከጥያቄዬ የተነሣ ከሆነም ይቅር ይበሉኝ። ዶላን በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ እየጠበቀ፣ «አባት፣ ያቺ ሴትዮ ስም ተገኘላት ወይስ ክርስትና እንደገና ልናነሣት ነው?» ይለኛል። እኔ ግን አሁን ከስሙ ይልቅ ምክንያቱን ነው የምፈልገው። ጽሑፉ ቢጠፋም፣ ክፉ ነገር ቢገኝበትም ይንገሩኝ።

ዜፊራን

ሳንት-ኦዲል፣ ኦገስት 11 ቀን 1924

ለተከበሩ አቶ ዜፊራን

በዚህ ደብዳቤ ራስ ላይ ቡራኬ ልጽፍ አልደፍርም፤ ቡራኬ የሚሰጥ ሰው እጁ ንጹሕ መሆን አለበትና።

አልታመምኩም። ጽሑፉንም ለመፈለግ አልደከምኩም፤ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ገና የመጀመሪያ ደብዳቤዎን ስከፍት፣ «ዴሊማ» ከሚለው ስም ላይ ስደርስ፣ ማንን እንደሚጠይቁኝ አውቄያለሁ። መዝገብ ቤት ተቀምጬ የፈለግሁት የተወለደችበትን ቀን እንጂ እርሷን አልነበረም። «በቶሎ ያስቀርጹ» ያልኩዎትም ጥያቄው እዚያው ላይ እንዲቆም ነው።

የቤተ ዘመዱ ጉባኤ የተቀመጠው በዲሴምበር አራት ቀን 1871፣ በእኛ ቤት፣ በእኛ ሳሎን ነው። ሞግዚት ሆኖ የተመረጠው አባቴ ናርሲስ ኦቡ ነው። ሁለቱን ወንዶች ልጆች ለማከፋፈል ጊዜ አልወሰደም፤ የወንድ ልጅ ክንድ በየእርሻው ይፈለጋል። የቀረችው ዴሊማ ነበረች። እናቷ ከተቀበረች ጀምሮ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን በእኛ ቤት፣ በእኔ አልጋ፣ ከእኔ ጋር ተኝታለች።

እኔ በጃኑዋሪ የአስተማሪነት ፈተና ነበረብኝ። ልጅቷ እየተንሰቀሰቀች ታገላብጠኛለች፣ እግሯ እንደ በረዶ ነው፣ እኔም በማግሥቱ መጽሐፉ ላይ አንቀላፋለሁ። ከጉባኤው አንድ ቀን አስቀድሞ፣ በምሳ ላይ፣ አባቴ ጠየቀኝ።

«ኡላሊ፣ ይቺ ልጅ እኛው ጋ ብትቀር ምን ይመስልሻል?»

«አባባ፣ እንቅልፍ አጣሁ እኮ። አልጋዬ ለሁለት አይበቃም።»

«እንግዲህ አይበቃማ» አለ። ምክንያት ፈልጎ ነበር፤ እኔ ሰጠሁት። ዴሊማ ከምድጃው አጠገብ ድንች ትልጥ ነበር። ቀና አላለችም። የያዘችውን ልጣ ጨረሰችና ሌላ አነሣች።

በማግሥቱ ሰዎቹ በሳሎን ሲነጋገሩ እርሷና እኔ በወጥ ቤት ሆነን በሳንቃው ግድግዳ በኩል ሁሉን ሰማን። ከሰባቱ ስድስቱ ከአጥሩ ወዲህ ያሉ፣ ኦቡዎች ናቸው። ሰባተኛው ከወዲያኛው ወገን የመጣ ቤኖኒ ሳንሻግረን የሚባል፣ በወንዙ ዳር ዓሣ እያጠመደ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነበር።

«ለእኔ ስጡኝ» አለ።

«ሚስት በሌለበት ቤት ሴት ልጅ? አንተ ሰውዬ፣ ዓሣህ ራስህ ላይ ወጣ እንዴ?» አሉት።

«የቶማስን ሚስት፣ መበለቲቱን፣ አስገባላታለሁ። ክፍልም እጨምራለሁ። ለእኔ ስጡኝ።»

ሳቁ። ያን ጊዜ ነው ዴሊማ ቀና ያለችው። ሳቁ እስኪያልቅ ድረስ ግድግዳውን ስታይ ቆየች። በጃኑዋሪ ወደ ፋብሪካ ከሚሄዱ ጎረቤቶች ጋር ጫኗት። እኔ ፈተናዬን አልፌ አርባ አንድ ዓመት የሰው ልጆች አስተማርኩ።

ስለ ተሰረዘው ስም እስከ ጻፉልኝ ድረስ፣ ይህ ሁሉ በእርሷ ልብ ውስጥ ምን እንደ ሆነ አላወቅሁም ነበር። ሲጽፉልኝ ገባኝ። ዘመዶቿ ከሰጧት ከሁለቱ ስሞች መካከል፣ «ለእኔ ስጡኝ» ያለውን ሰው ስም መርጣ ሄደች፤ የማንንም አልሰረቀችም፣ ሁለቱም የእርሷ ነበሩና።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ውል አዋዋዩ የሄድኩት። ግልባጩን በእጄ ጽፌ ልኬልዎታለሁ። እዚያ ላይ አባቴ፣ «በቤቴ አልጋ ለሁለት አይበቃም» እንዳለ በግልጽ ተመዝግቧል። በአፍ የተናገርኩት በነፋስ ሄዷል ብዬ ሃምሳ ሁለት ዓመት ስጽናና፣ ቃሌ በቀለም ተጽፎ፣ በማኅተም ታትሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከሥሩም ሌሎቹ ሁሉ ስማቸውን ወይም የመስቀል ምልክታቸውን ሲያኖሩ፣ «ቤኖኒ ሳንሻግረን ምልክት እንዲያደርግ ቢጠየቅ አላደርግም ብሏል» ይላል።

አንድ የቀረኝ ኑዛዜ አለ። ወንድሞቼ ያለ ልጅ ሞተዋል፤ ከእኔ ጋር ኦቡ የሚባል በሳንት-ኦዲል ያበቃል። እርስዎ የሚስትዎን ስም ፈልገው ሲጽፉልኝ፣ ስማችን በሌላ አገር ድንጋይ ላይ እንኳ ቢቆይ ብዬ ተመኘሁ። ገፍተን ባስወጣናት ልጅ መቃብር ላይ ልናርፍ ፈለግን። ፎቶግራፉን ከመጻሕፍቴ መካከል አስቀምጬዋለሁ፤ ይመለስ ካሉ እመልሳለሁ።

ኡላሊ

ዉንሶኬት፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1924

ለእህታችን ለኡላሊ

እርስዎ ቡራኬውን ቢተዉትም እኔ አልተወውም፤ የጌታ ሰላም ይድረስዎ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ መልስ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ተነሥቻለሁ። ቁጣ እንደ ነበረብኝ አልደብቅም። በእኛ ቤት፣ እዚህ ዉንሶኬት፣ ከካናዳ ለሥራ የመጣች ዘመድ የሌላት ልጅ ሁሉ ማደሪያ እስክታገኝ የምታርፈው ሳሎናችን ውስጥ ነበር፤ አንዳንዴ ሦስት በአንድ ፍራሽ። እኔ ባጉረመርም፣ ዴሊማ ለልጃገረዶቹ «ጠጋ በሉ፣ ይበቃል» ትላቸውና፣ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንተም ጠጋ በል» ትለኝ ነበር። ይህን የጻፍኩት ላቆስልዎ አይደለም። እርስዎ ምክንያቱን ስለ ሰጡኝ፣ እኔ ደግሞ ምክንያቱ ምን እንዳፈራ እንዲያውቁ ነው።

ይቅርታው የእኔ አይደለም። የእርሷ ነበር፤ እርሷም ስለ ሳንት-ኦዲል ስናነሣ የምታወራው ስለ ወንዙ ብቻ ነው። የአንድም ሰው ስም በክፉ ሲነሣ ከአፏ አልሰማሁም። ከዚህ በላይ ምን ማለት እንደ ሆነ አላውቅም፤ ያውቃል የሚሉት ቄስ ካለ እርሱን ይጠይቁ። ፎቶግራፉ እዚያው ይቆይ።

ስለ ሐውልቱ፣ እርስዎ አፍ አውጥተው ባይለምኑኝም፣ ሁለቱንም ስም አያይዤ እንደ ጥንቱ «ኦቡ፣ ሳንሻግረን የምትባለው» ብዬ አስቀርጽ ዘንድ ልብዎ እንደ ተመኘ ገብቶኛል። አስቤበት ነበር። ልጆቼም «ምን አለበት አባዬ፣ ቦታ እንደ ሆነ አለ» ብለውኝ ነበር። አላደረግሁትም። በሕይወቷ ሳለች ኦቡ ነኝ ልትለኝ አርባ ሦስት ዓመት ያህል ጊዜ ነበራት፤ አላለችም። የሰረዘችውን እኔ ብመልሰው፣ ሚስቴን በሞቷ እንደ ተቃወምኳት ይቆጠርብኛል።

ሐውልቱ ትናንት ቆመ። ግራጫ ግራኒት ነው፣ ያለ ጌጥ፦

ዴሊማ ሳንሻግረን
የዜፊራን ፕሉርድ ሚስት
1860 — 1924

ዶላን ጨርቁን ሲገልጥ፣ «አሁንስ ረካህ፣ አባት?» አለኝ። በስሙስ ረክቻለሁ አልኩት።

ግን፣ እህቴ፣ ሌላ ጥያቄ ከዚያ ላይ ተነሣብኝ፤ ከእርስዎ በቀር የሚመልስልኝ ሰው በምድር ላይ የቀረ አይመስለኝም። የሚስቴ ዘመዶች ሁሉ ስም ቢነሣ፣ ይዛ የኖረችው የዚያን የአንድ ሰው ስም ነው፤ እኔ ግን ፊቱን እንኳ አላውቀውም። ቤኖኒ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ረጅም ነው ወይስ አጭር? ይስቅ ነበር? ዓሣውን ለመሸጥ በደጃፋችሁ ሲያልፍ ምን እያለ ነበር የሚጣራው? ልጅቷ ከሄደች በኋላ ከአባትዎ ጋር ተነጋግሮ ያውቃል? የሞተው መቼ ነው፣ ማን ቀበረው? ክፍሉንስ ጨምሮት ነበር?

የሚያስታውሱትን ሁሉ፣ ትንሹንም ሳይንቁ፣ ይጻፉልኝ። እርስዎ ያላዩትን ደግሞ ከቴሌስፎር ይጠይቁ፤ ምላሱ ረጅም ከሆነ ጆሮውም አያጥርምና።

ወንድምዎ፣
ዜፊራን